በአንድ ጉረኖ የሚደልቡ ወጠጤ ፍየሎች የበላይነት ጠብና መቆጣጠሪያው

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት
ለሚኤሶና ለምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ቀበሌዎች የተዘጋጀ

መግቢያ

ሚኤሶ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በመኪና መንገድና በባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኝ የእንስሳት ገበያ አገር ናት። ዝናቡ ሲጠብ ማሽላው ሊያጥር ይችላል፤ ፍየሉ ግን ቁጥቋጦ ቀንጥቦ ይከርማል። ስለዚህም የአካባቢው አርብቶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር የጥሬ ገንዘብ ምንጩ ፍየል ነው። ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በ2004 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የአርሶ አደሮችን ምርታማነትና የገበያ ስኬት የማሻሻል ፕሮጀክት ከመረጣቸው 10 የመማሪያ ወረዳዎች አንዷ ሚኤሶ ነበረች። የእንስሳት ድለባና ግብይትም ከሥራዎቹ መካከል ነበር።

ፍየል በየቤቱ ሁለትና ሦስት እየሆነ ሲደልብ የወንዶች ጠብ ብዙ አያስቸግርም። ማኅበር ተቋቁሞ፣ ብድር ተወስዶ፣ ከልዩ ልዩ መንጋ የተገዙ 30 እና 40 ወጠጤዎች በአንድ ጉረኖ ሲገቡ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ወንዶች ማን የበላይ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ይዋጋሉ። ጠቡ ከበረደም በኋላ አሸናፊዎቹ ገንዳውን፣ ውሃውንና ጥላውን ይይዛሉ። ተሸናፊዎቹ እየከሱ ይሄዳሉ፤ ማኅበሩም ለመኖ ያወጣው ገንዘብ በጥቂት ፍየሎች ጀርባ ላይ ብቻ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጠቡን ምክንያት፣ የሚያስከትለውን ኪሣራና በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ሊወሰድ የሚችለውን እርምጃ ለልማት ሠራተኛውና ለማኅበራት ማስረዳት ነው።

1. የጠቡ ምክንያት

ፍየል በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። በመንጋው ውስጥ እያንዳንዱ ፍየል የታወቀ ደረጃ አለው። ደረጃው በዕድሜ፣ በክብደት፣ በቀንድ ርዝመትና በቀድሞ ውጊያ ውጤት ይወሰናል። ደረጃው አንድ ጊዜ ከተለየ በኋላ አብዛኛው ጉዳይ በዐይንና በአንገት እንቅስቃሴ ያልቃል። የበላዩ ቀና ሲል የበታቹ መንገድ ይለቃል። ይህም ለመንጋው ሰላም ይጠቅማል። ስለዚህ የእኛ ሥራ የበላይነትን ማጥፋት አይደለም፤ ሊጠፋም አይችልም። ሥራችን ደረጃው በአነስተኛ ጉዳት እንዲለይ ማድረግና ከተለየም በኋላ የበታቹ ድርሻውን እንዳያጣ መጠበቅ ነው።

ወንድ ግልገል ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ለአቅመ ተባዕት መድረስ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ጠባዩን የሚመራው ከቆለጡ የሚመነጨው ቅመም ነው። ለድለባ የሚገዙት ወጠጤዎች ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ዕድሜ ያለፉ በመሆናቸው ጠባዩን ይዘውት ይመጣሉ።

ጠቡን የሚያባብሱት ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

— ከተለያየ መንጋ የመጡ ፍየሎችን በድንገት ማደባለቅ፤
— ደረጃው ከተለየ በኋላ አዲስ ፍየል መጨመር፤
— የጉረኖው ጥበትና የገንዳው ማጠር፤
— በቅርብ የፈለገች እንስት ፍየል መኖር፤
— ትልቁንና ትንሹን፣ ቀንዳሙንና ጎዳውን በአንድነት ማጎር፤
— በሙቀት ሰዓት ጥላና ውሃ በአንድ ቦታ ብቻ መገኘቱ።

2. ተራ መፎካከርንና አደገኛ ጠብን መለየት

ብዙ ጊዜ ጠባቂዎች ሁሉንም ግጥሚያ እንደ ጨዋታ ያዩታል፤ ወይም በተቃራኒው ሁሉንም ለማስቆም ይሮጣሉ። ሁለቱም ትክክል አይደለም።

ሀ) ተራ መፎካከር፦ በኋላ እግር ቆሞ ቀንድ ለቀንድ መጋጨት፣ በግንባር መገፋፋት፣ ጎን ለጎን ሆኖ መገፋተር፣ ሌላውን ከኋላ መውጣት፣ በጢሙና በፊት እግሮቹ ላይ ሽንቱን መርጨት፣ የላይኛውን ከንፈር ቀልብሶ ማሽተት። ይህ ሁሉ የወንድ ፍየል ጠባይ ነው። ተሸናፊው ዞር ሲል አሸናፊው ከተወው ጣልቃ መግባት አያስፈልግም።

ለ) አደገኛ ጠብ፦ ተሸናፊው ሸሽቶ ሳለ ማሳደድ፣ ሆድና ጎድን በቀንድ መውጋት፣ ብዙዎች በአንዱ ላይ ማበር፣ አንዱ በጥግ ተይዞ መውጫ ማጣት፣ ደም መታየት፣ ማነከስ። እንዲህ ሲሆን ወዲያውኑ መለየት ይገባል።

ሐ) ድምፅ የሌለው ጭቆና፦ ይህ ከሁሉም የበለጠ ኪሣራ የሚያመጣው ነው፤ ምክንያቱም ቁስል ስለማይኖር ማንም አያየውም። ምልክቱ፣ መኖ ሲቀርብ አንድ ወይም ሁለት ፍየል ከኋላ ቆሞ መጠበቁ፣ ሌሎች ሲያመነዥኩ እርሱ ቆሞ መታየቱ፣ ከጥላ ውጭ መዋሉ፣ የግራ ጎኑ መጉደል፣ ጠጉሩ መቆሙ ነው።

3. የሚደርሰው ኪሣራ

አንድ ስሌት እንመልከት። በአንድ ክፍል 10 ወጠጤዎች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ በቀን 300 ግራም ፍሩሽካና ፋጉሎ ድብልቅ ታስቦ በጠቅላላው 3 ኪሎ ግራም በገንዳ ይቀርባል። ሁለቱ የበላዮች እያንዳንዳቸው 600 ግራም ቢበሉ ለቀሩት 8 ፍየሎች የሚተርፈው 1 ኪሎ ከ800 ግራም፣ ማለትም ለአንዱ 225 ግራም ነው። በ90 ቀን የድለባ ጊዜ እያንዳንዱ የበታች ፍየል 6 ኪሎ ከ750 ግራም ድብልቅ መኖ ያጣል ማለት ነው። በእውነቱ ደግሞ ጉድለቱ እኩል አይከፋፈልም፤ የመጨረሻው ፍየል አንዳንድ ቀን ምንም አይደርሰውም።

የበላዮቹም ቢሆኑ ከጉዳት አያመልጡም። ፍየል በድንገት ብዙ እህል ወይም ድብልቅ መኖ ሲበላ በጨጓራው ውስጥ አሲድ ይበዛል። ሆዱ ይነፋል፣ ማመንዠክ ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይተኛል፤ ቶሎ ካልታከመም ይሞታል። ስለዚህ በድለባ ጉረኖ ውስጥ ድንገት የሞተው ፍየል ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሰባውና የበረታው ሊሆን ይችላል። ባለቤቶቹ «ዐይን በላው» ይላሉ። የልማት ሠራተኛው ግን የገንዳውን ርዝመት መለካት ይገባዋል።

ሦስተኛው ኪሣራ በገበያ ላይ ይታያል። ለዐረፋ የሚታረድ ፍየል በግልጽ ያነከሰ፣ ዐይኑ የጠፋ፣ የታመመ ወይም እጅግ የከሳ መሆን ስለሌለበት በውጊያ የተጎዳው ፍየል ዋጋው ከፍ በሚልበት ሰሞን ገዥ ያጣል። በሞጆና በቢሾፍቱ ለሚገኙት የኤክስፖርት ቄራዎች የሚቀርብ ከሆነም የበለዘው ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል። ከዕርድ በፊት ሲዋጋ ያደረ ፍየል በጡንቻው ውስጥ ያለው የጉልበት ክምችት ስለሚያልቅ ሥጋው ጠቆርና ደረቅ ይላል፤ በማቀዝቀዣም ብዙ አይቆይም።

አራተኛው ኪሣራ በሰዎች መካከል የሚነሣው ነው። የማኅበሩ አባላት «ይህ የእኔ፣ ያ የአንተ» ብለው ፍየሎቹን በስም ከተከፋፈሉ በኋላ በአንድ ገንዳ ካበሏቸው፣ የአንዱ ፍየል የሌላውን ድርሻ በልቶ ይሰባል። በሽያጭ ቀን የፍየሎቹ ጠብ የሰዎች ጠብ ይሆናል። ብድሩን በእኩል የተበደሩት አባላት እኩል አይከፍሉም። የዚህ መፍትሔ በክፍል 7 ተመልክቷል።

4. ጠብን አስቀድሞ መከላከል

ሀ) አከፋፈል

ፍየሎቹ ከገበያ እንደመጡ በስፕሪንግ ሚዛን ይመዘኑ፤ ጥርሳቸው ይታይ። ከዚያም በክብደት ይመደቡ፤ ለምሳሌ ከ15 ኪሎ ግራም በታች፣ ከ15 እስከ 20፣ ከ20 በላይ። በአንድ ክፍል ውስጥ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጥርስ የነቀለውን ከወተት ጥርሱ ጋር፣ ጎዳውን ከቀንዳሙ ጋር አለማጎር ይመረጣል። በአንድ ክፍል ከ10 እስከ 12 ፍየል ይበቃል። ከአንድ መንጋ የተገዙ፣ የሚተዋወቁ ፍየሎች ክብደታቸው ከተቀራረበ አብረው ይመደቡ።

ለ) አንድ ጊዜ ማስገባት፣ አንድ ጊዜ ማስወጣት

አንድን ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞልቶ መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ፍየል አለመጨመር ዋነኛው ደንብ ነው። በየገበያው ቀን ሁለትና ሦስት እየገዙ መጨመር በየሳምንቱ አዲስ ጦርነት መክፈት ነው። ይኸው ደንብ በሽታንም ይከላከላል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታና የፍየል ሳንባ በሽታ ወደ ጉረኖ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ከገበያ በተገዛ አዲስ ፍየል ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የተገዛው በሌላ ቦታ ለብቻው ተለይቶ ይቆይና ለሚቀጥለው ዙር ይመደብ።

ሐ) የመጀመሪያው ቀን

ማቀላቀሉ ወደ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ይሁን። ክፍሉ ለሁሉም አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀድሞ የገባው ቦታውን የራሱ አድርጎ ስለሚቆጥረው እንግዳውን ያጠቃል። ከመግባታቸው በፊት ውሃ ጠጥተውና ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ በልተው ይጥገቡ። በግቢው ውስጥ በአራትና በአምስት ቦታ ድርቆሽ ተበታትኖ ይቀመጥ። ድብልቅ መኖ በዚያን ቀን አይሰጥ። አንድ ጠባቂ ቢያንስ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ቆሞ ይጠብቅ። ጠቡ በመጀመሪያው ቀን ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል።

ድብልቁ መኖ በቀን ከ100 ግራም ተጀምሮ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ቀስ በቀስ ወደ 300 ግራም ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደረጃቸውም ይለያል፤ ጨጓራቸውም ይለምዳል።

መ) የጉረኖው አሠራር

ለአንድ ፍየል ከ1 ካሬ ሜትር ያላነሰ ጥላ ያለው መጠለያና ወደ 2 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገላጣ ግቢ ያስፈልጋል። ለ10 ፍየሎች መጠለያው 10፣ ግቢው 20 ካሬ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የአካባቢው አጥር የግራር እሾህ ነው። ከአውሬ ለመከላከል መልካም ቢሆንም ተባርሮ የሚሸሽ ፍየል ዐይኑን ይወጋበታል። ስለዚህ ከእሾሁ በስተውስጥ የእንጨት አግዳሚ ይደረግ።

በግቢው መካከል አጭር ግድግዳ፣ የእንጨት ቁልል ወይም የድንጋይ መደብ መሥራት ብዙ ይጠቅማል። ፍየል ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፤ የበታቹም ከበላዩ ዐይን የሚሰወርበት ያገኛል። ከዐይን የተሰወረ አይባረርም። ሆኖም መከለያው በሁለት በኩል መውጫ ያለው ይሁን። አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ጥግ ለደካማው ወጥመድ ነው።

ሠ) ገንዳና ውሃ

ለአንድ ቀንዳም ፍየል 40 ሴንቲ ሜትር የገንዳ ርዝመት ይታሰብ። ለ10 ፍየሎች 4 ሜትር ነው። ከሁለት ወገን የሚበላበት ከሆነ 2 ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት እንዳይዋጉ በመካከሉ ሳንቃ ይቁም። ከአንድ ረጅም ገንዳ ይልቅ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ገንዳዎች ይሻላሉ፤ አንድ የበላይ በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ሊቆም አይችልምና። ውሃም በሁለት ቦታ ይቅረብ። ድብልቁ መኖ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይፈስስ እንጂ ቀስ በቀስ አይጨመር።

የሐረርጌ ደጋ ገበሬ የታወቀውን የሐረር ሰንጋ የሚያደልበው በሬውን ለብቻው አስሮ፣ የማሽላና የበቆሎ ቅጠልና አገዳ በእጁ እያጎረሰ ነው። በዚህ ዘዴ ማንም የማንንም ድርሻ አይወስድም። ማኅበራትም ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። ድብልቅ መኖ በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ፍየሎቹን ከገንዳው አጠገብ በአጭር ገመድ አስሮ እያንዳንዱን ድርሻውን ማብላት፣ ከዚያም ፈትቶ ድርቆሹን በጋራ እንዲበሉ መልቀቅ ይቻላል። ጉልበት ይጠይቃል፤ ሆኖም ገንዳ ለማስረዘም ገንዘብ ለሌለው ማኅበር ፍቱን ነው። ለጋ ማሽላ ወይም ድርቅ የመታው ማሽላ መርዝ ስላለው ሳይጠወልግና ሳይደርቅ ለተራበ ፍየል አይሰጥ።

ረ) እንስት ፍየሎችን ማራቅ

የፈለገች እንስት ባለችበት አካባቢ የወጠጤዎች ጠብ እጅግ ይበረታል፤ መኖም ይተዋሉ። የድለባው ጉረኖ ከእንስቶች ማደሪያ ራቅ ያለ ይሁን። ነፋሱ ከእንስቶቹ ወደ ወንዶቹ የማይነፍስበት ቦታ ይመረጥ። መንጋው ወደ ውሃ ሲወርድም በድለባው ጉረኖ አጠገብ አያልፍ።

ሰ) ቀንድ

የሾለውን የቀንድ ጫፍ ብቻ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ወይም በሞረድ ማደንዘዝ ይቻላል። የአደገ ፍየል ቀንድ ከሥሩ አይቆረጥ። በውስጡ ሥርና ደም አለው፤ ከራስ ቅል ቀዳዳ ጋርም ይገናኛል። ቁስሉ ዝንብና ትል ይስባል፤ የገበያ ዋጋውንም ይቀንሳል።

5. ማኮላሸት ይሻላልን?

ይህ ጥያቄ በገበያ እንጂ በጠብ ብቻ አይወሰንም። የኤክስፖርት ቄራዎች የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ ያልተኮላሸ፣ ወጣት፣ የቀጥታ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ግራም የሆነ ወጠጤ ነው። የተኮላሸ ሙክት ግን በአገር ውስጥ ገበያ፣ በተለይም ለፋሲካ፣ ለገናና ለዘመን መለወጫ ተፈላጊ ነው። ያልተኮላሸው ቶሎ ያድጋል፣ ሥጋው ቀይ ነው። የተኮላሸው ስብ ይይዛል፣ ጠባዩም ይለዝባል።

ስለዚህ ማኅበሩ ፍየል ከመግዛቱ በፊት ገበያውን ይወስን። ለኤክስፖርት ከሆነ አይኮላሽ፤ ጠቡ ከላይ በተገለጸው አያያዝ ይገታ። ለአገር ውስጥ ሙክት ከሆነ ከድለባው ቀደም ብሎ በቡርዲዞ፣ በሠለጠነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይኮላሽ። ዕድሜው ከፍ ያለ ወጠጤ ከተኮላሸ በኋላም ጠባዩ ወዲያው አይለቅም፤ የሚበርደው በሳምንታት ውስጥ ነው። የተኮላሹና ያልተኮላሹ በአንድ ክፍል አይደባለቁ።

6. ጠብ ከተነሣ በኋላ

— በሁለቱ መካከል በባዶ እጅ አይገባ፤ ሳንቃ ወይም የበር መዝጊያ በመካከላቸው ይገፋ፤ ውሃ መርጨትም ይረዳል።
— የበላዩን መደብደብ ጥቅም የለውም። ጠባዩን አይለውጥም፤ ከሰው ጋር ያጣላዋል እንጂ።
— የበላዩን ብቻ ለጥቂት ቀናት አውጥቶ መመለስ ጠቡን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል፤ ሲወጣ ሌላው ይነሣል፣ ሲመለስ እንደገና ይዋጋሉ።
— የተጎዳው ፍየል ሲለይ ከቡድኑ በአጥር ብቻ ተለይቶ፣ እየተያዩና እየተሻተቱ ይቆይ። እንዲህ ከሆነ ሲመለስ እንደ እንግዳ አይቆጠርም።
— በጭቆና የከሱትን አንድ በአንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አውጥቶ የራሳቸውን ክፍል መስጠት ይሻላል። ወደ ሌላ የተረጋጋ ቡድን ግን አይጨመሩ።
— ቁስል በንጹሕ ውሃና በጨው ይታጠብ፣ ከዝንብ ይጠበቅ። የሆድ ወይም የዐይን ቁስል ከሆነ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድ።

7. የማኅበሩ ደንብ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ መወሰን ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፍየሎቹ በጋራ የሚደልቡ ከሆነ የጋራ ይሁኑ። እያንዳንዱ ፍየል ለመዝገብ ያህል ቁጥር ይኑረው፤ ትርፉና ኪሣራው ግን ከጠቅላላው ሽያጭ በድርሻ ይከፈል። «የእኔ ፍየል» የሚል አባል ካለ ለብቻው አስሮ በራሱ መኖ ያደልብ።

ሁለተኛ፣ ጥበቃውና ምገባው በተራ ይሁን፤ ተረኛው ያየውን በመዝገብ ያስፍር።

ሦስተኛ፣ የሽያጭ ክብደት ላይ ቀድመው የደረሱት ቀድመው ይሸጡ። እነዚህ በአብዛኛው የበላዮቹ ናቸው። ሲወጡ ለቀሩት ገንዳው ይሰፋል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም የዘገዩት ይደርሳሉ።

በጭነት ጊዜ የአንድ ክፍል ፍየሎች አብረው ይጫኑ። የተለያዩ ክፍሎች በአንድ መኪና ሲጫኑ በመካከላቸው ሳንቃ ይቁም። ለ90 ቀን የተደከመበት ሥጋ በአንድ ሌሊት ጉዞ እንዳይበላሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

8. የልማት ሠራተኛው ተግባር

ሀ) ማኅበሩ ፍየል ከመግዛቱ በፊት ጉረኖውንና ገንዳውን በሜትር ለክቶ የሚይዘውን ቁጥር መንገር፤
ለ) በመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ መኖ በሚቀርብበት ሰዓት መገኘት። ፍየል የሚታወቀው ገንዳ ላይ ነው፤ በቀን እኩሌታ የሄደ ሠራተኛ ተኝተው የሚያመነዥኩ ፍየሎች ብቻ አይቶ ይመለሳል፤
ሐ) መኖ ከቀረበ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ ከገንዳ የተገፉትን ቁጥር መመዝገብ፤
መ) በየ15 ቀኑ ሁሉንም በባዶ ሆድ ማስመዘን። በአንድ ክፍል በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት እየሰፋ ከሄደ መኖው አልተካፈለም ማለት ነው። ያን ጊዜ መኖ ከመጨመር በፊት ገንዳ ይጨመር።

ማጠቃለያ

የወጠጤዎች የበላይነት ጠብ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ኪሣራው ግን የአያያዝ ጉድለት ነው። ተመጣጣኝ ክብደት፣ ያልተጨመረበት ቡድን፣ በቂ ገንዳ፣ የመሸሸጊያ ቦታና የራቁ እንስቶች ከተሟሉ የበላዩ የበላይ እንደሆነ፣ የበታቹም ድርሻውን እንደበላ ይኖራሉ። የልማት ሠራተኛው ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ አባላት በአካባቢው ቋንቋ እያስረዳ፣ በመጀመሪያ በአንድ ክፍል 10 ፍየሎች ላይ እንዲሞክሩትና ውጤቱን በሚዛን እንዲያዩት ያድርግ።